ከወሊድ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም ላይ ስለ አንድ አዲስ የእናቶች ማዋለጃ ሕንፃ ምርቃት አነበብኩ። ፎቶው ደስ ይላል። አዳዲስ አልጋዎች፣ ነጭ አንሶላ፣ ሪባን የሚቆርጡ እንግዶች። እኔም ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ግን የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ። ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

ሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስንት ሕፃን በእጄ እንደተቀበልኩ ቆጥሬ አላውቅም። የሞቱብኝን እናቶች ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዷ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ነገሩ የሆነበትን ጤና ተቋምም አልጠራም። የአንድ ቤት ጥፋት ቢሆን ኖሮ እዚያው እንነጋገርበት ነበር።

ሌሊት ነው። ዱቲ ላይ ያለነው እኔና አንዲት ጀማሪ አዋላጅ ብቻ ነን። ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ መጣች። ምጧ ጥሩ ነበር፣ ብዙም አላስቸገራት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተገላገለች። ወንድ ልጅ። እንደወጣ አለቀሰ። የእንግዴ ልጁም ሳይቆይ ተከተለ፤ ገልብጬ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ሆዷን ዳሰስኩ፣ ማህፀኗ ጠንከር ብሏል። ከሥሯ ያለውን ጨርቅ አየሁና ካርዷ ላይ "የፈሰሰ ደም 300 ሚሊ ሊትር" ብዬ ጻፍኩ። በዓይኔ ነው የገመትኩት። ሁላችንም የምናደርገው እንደዚያ ነበር። የተማርነውም እንደዚያ ነው።

እዚያ ማዶ ያለችው ወላድ ምጥ ጠንቶባት ጀማሪዋ ትጣራለች። "መጣሁ እናቴ፣ አንቺ አረፍ በይ" አልኳትና አንሶላ ደርቤላት ወጣሁ። እናቷ በር ላይ ናቸው። የሕፃኑን ልብስ አቅፈው ቆመዋል። በጊዜው ደንባችን ቤተሰብ ወደ ውስጥ አያስገባም። "ደህና ናት፣ ትንሽ ይጠብቁ እማማ" ብያቸው አለፍኩ።

ስመለስ አርባ ደቂቃ ያህል ሆኗል።

"ሲስተር፣ በረደኝ" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "ውሃ ጠማኝ" አለች። ይህን የሚያነብ አዋላጅ ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንሶላውን ገለጥኩ። ፍራሹ ከወገቧ በታች ጨርሶ ረጥቧል። ደሙ በአልጋው ጠርዝ ወርዶ ግድግዳው ሥር ተኝቷል። ከበር የሚገባ ሰው አያየውም። ማህፀኗን ስይዘው ልፍስፍስ ብሏል።

ማሸት ጀመርኩ። ጀማሪዋን ጮኼ ጠራኋት። ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን ወጋናት። አልጠነከረም። ደገምናት። የደም ሥሯ ከመጥፋቱ የተነሳ መርፌ ለመሰካት ሦስት ጊዜ ሞከርን። ኦክሲቶሲኑ የተቀመጠው መስኮት አጠገብ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሳምንታት አልፈዋል። ሪፖርት አድርገናል፣ መልስ አልመጣም። ደም በተቋሙ የለም። ሪፈር ጽፈን መኪና እስኪመጣ ጠበቅን። መንገድ ላይ ሞተች። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ጠዋት ለሪፖርት ካርዷን ስከፍተው 300 የሚለው ቁጥር በገዛ እጅ ጽሑፌ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ታሪክ የማወራው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ እናቶች ጤና ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናወራው ሴቲቱ ጤና ተቋም ድረስ ስለምትመጣበት መንገድ ነው። እውነት ነው፣ ትልቅ ጉዳይ ነው። ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው ነበር። አንደኛው ሕክምና ለመፈለግ መወሰን ላይ መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። እናቶችን "ጤና ተቋም ውለዱ" እያልን ስንቀሰቅስ ኖረናል፤ ሰምተውንም መጥተዋል። የእኔዋ ወላድ በጊዜ ነው የመጣችው። በእግሯ ነው የገባችው። የሞተችው በሦስተኛው መዘግየት ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹና የአሠሪዎቻችን ነው።

ለመሆኑ ሁለት ሰዓት ለምን አልኩ? በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የነበረበት ቦታ ክፍት የደም ሥር ነው። ያን የሚዘጋው የማህፀኑ ጡንቻ ነው፤ ጭብጥ ብሎ ሥሮቹን አንቆ ይይዛቸዋል። ጡንቻው ከላላ ደሙ የሚያቆመው የለም። እርዳታ ያላገኘች ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ገደማ ልትሞት ትችላለች። ያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ሰው "ተገላገለች፣ እፎይ" ብሎ ፊቱን ወደ ሕፃኑ የሚያዞርበት ሰዓት ነው። እኔም ያዞርኩት ያን ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ግምት፣ በ2023 ብቻ 260 ሺህ ያህል ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሞተዋል። በየሁለት ደቂቃው አንድ ሴት ማለት ይቀርባል። ከ100 ሟቾች 92ቱ ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከገዳዮቹ ሁሉ ግንባር ቀደሙ ደም መፍሰስ ነው፤ ከአራቱ ሞት ከአንዱ በላይ የእርሱ ነው። ነገሩ አልተሻሻለም ማለቴ አይደለም። ከ2000 ወዲህ የእናቶች ሞት መጠን በ40 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ግን በ2030 ከ100 ሺህ ወሊድ ውስጥ ሞቱን ከ70 በታች ለማድረግ ዓለም ቃል ገብቶ ነበር። በ2023 የነበረው አማካይ 197 ነው። ሩቅ ነው ያለነው።

ወደ እዚያች 300 ልመለስ። ከዚያች ሌሊት በኋላ እንቅልፍ ነሣኝ። አንድ ቀን የሕፃናቱን ሚዛን ሳጸዳ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከወላዷ ሥር የምናነጥፈውን ጨርቅ ደረቁን መዘንኩ። ከወለደች በኋላ ደግሞ ደም የጠጣውን ጨርቅ በላስቲክ አድርጌ መዘንኩ። 1 ግራም ደም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ልዩነቱ የፈሰሰው ደም ነው። መጀመሪያ በዓይኔ ገምቼ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እመዝናለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት "300 ነው" ያልኩት አንዱ ጨርቅ 640 ሆኖ ተገኘ። ሌላው "ትንሽ ነው" ያልኩት ከ500 በላይ ነበር። ከ500 በላይ ማለት ደግሞ በመጽሐፉ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ የሚባለው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስንቷን "ደህና ናት" ብዬ እንዳለፍኩ አሰብኩና ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህ የእኔ ዓይን ችግር ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረጋገጠ። በ2023 ኢ-ሞቲቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤት ታተመ። የተሠራው በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ 80 ሆስፒታሎች ነው። ከ200 ሺህ በላይ ወላዶች ተካተውበታል። ያደረጉት ነገር ውስብስብ አይደለም። ከወላዷ ሥር ደም የሚያጠራቅም፣ ልኬት የተሰመረበት ላስቲክ ያነጥፋሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ15 ደቂቃው የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷን፣ ማህፀኗን ያያሉ። ደሙ መስመሩን ካለፈ ትእዛዝ ሳይጠበቅ አምስቱ ነገር በአንድ ላይ ይሰጣታል፦ ማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ደም እንዲቆም የሚረዳው ትራኔግዛሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ከዚያም ደሙ ከየት እንደሚመጣ መመርመር። ካልቆመ ወደሚበልጥ ሐኪም።

ውጤቱን ስሰማ አለቀስኩ። እንደ ቀድሞው በዓይን በሚገመትባቸው ሆስፒታሎች ደም ከፈሰሳቸው ሴቶች ሊታወቅላቸው የቻለው 51 ከመቶው ብቻ ነው። ግማሾቹ አልታዩም ማለት ነው። ላስቲኩ ባለበት ግን 93 ከመቶው ታውቋል። ከባድ ደም መፍሰስ፣ ለዚያ ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት ተደምሮ በ60 ከመቶ ቀነሰ። መድኃኒቶቹ አዲስ አይደሉም። ከዚያ በፊትም የነበሩ ናቸው። አዲሱ ነገር ደሙን መለካትና ሳይዘገዩ ሁሉንም አንድ ላይ መስጠት ነው።

ስለ መድኃኒቶቹም ላንሣ፤ የብዙ ሰው ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል። ችግሩ ሲበላሽ አይታይም። ቀለሙ አይለወጥም፣ አይሸትም፣ አምፑሉ ላይ የተጻፈው ቀን አላለፈም። አንቺ መድኃኒት ሰጠሁ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ፤ የሰጠሻት ግን ከውሃ ያልተሻለ ሊሆን ይችላል። እዚያች ሌሊት የወጋናት ኦክሲቶሲን ይሠራ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። መልሱን መቼም አላገኘውም። ማቀዝቀዣ የማያስተማምንበት ቦታ ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን የሚባል አማራጭ መጥቷል። በ2018 በአሥር አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታይቷል። የሚገዛው ክፍል ይህን ያውቃል? ጠይቁልኝ።

ትራኔግዛሚክ አሲድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ያገኙት ዑታኮ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናዊት ሐኪምና ባለቤታቸው ናቸው፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ። ሲነሡ ዓላማቸው ከወሊድ በኋላ የሚደማውን ደም ማቆም ነበር። በወላዶች ላይ ይሞከርልኝ ብለው የአካባቢያቸውን ሐኪሞች ማሳመን አልቻሉም። መድኃኒቱ ለሌላ ለሌላው ነገር ሲያገለግል ኖረ። በመጨረሻ ከ20 ሺህ በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። ጥናቱ የታተመው በ2017 ነው። ዶክተር ዑታኮ በ2016 በ98 ዓመታቸው አርፈዋል። አንድ ዓመት ቀድመው። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ እንኳን አይፈልግም። ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በየ15 ደቂቃው መዘግየት የሚሰጠው ጥቅም በ10 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ቁልፉ ስቶር ኃላፊው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ስቶር ኃላፊው ቤቱ ተኝቶ፣ 15 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ የሌሊት ዱቲ የሠራ ሰው ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ በግሌ ተጸጽቼበታለሁ። በሩ ላይ የቆሙት እናት። እዚያች ሌሊት ውስጥ ገብተው ከልጃቸው አጠገብ ቢቀመጡ ኖሮ አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳያያት አትቆይም ነበር። ልጃቸው ፊቷ ሲገረጣ እናት አያመልጣትም። "ሲስተር፣ ልጄ ልክ አይደለችም" ብለው ይጣሩ ነበር። ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ግን ስንቱ ማዋለጃ ክፍል ዛሬም በሩን ዘግቶ ቤተሰብ ያባርራል? ቦታ የለም ይባላል። መጋረጃና አንድ ወንበር ነው የሚፈለገው። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታቴ እናት፣ እህት፣ ባልም ቢሆን አስገባ ነበር። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል። የማስገባውን ሰው ግን ምን ማየት እንዳለበት አስተምረው ነበር፦ "ሆዷን እንዲህ ንኩት፤ ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። ከለሰለሰ፣ ወይም ይህ ጨርቅ ቶሎ ከራሰ፣ ወይም በረደኝ ካለች፣ እስክመጣ አትጠብቁ፣ ጩኹ።" አንዲት ታናሽ እህት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት አትበልጥም፣ እውነትም ጮኸች። ደርሰን አቆምነው። ያቺ እናት በሁለት እግሯ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

ሌላው የማይነገረው ነገር ፍርሃታችን ነው። ወላድ ስትሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማን ነበር ዱቲ?" የሚለው ነው። እኔም ተጠየቅሁ። ደብዳቤ ተጻፈብኝ። ማቀዝቀዣውን ግን የጠየቀ አልነበረም። እንደዚህ ሲሆን ባለሙያው ምን ይማራል? ካርድ ማሳመር። ቁጥሩ እንዳይበዛ አድርጎ መጻፍ። እንግሊዝ ውስጥ ከ1952 ጀምሮ የእያንዳንዷ እናት ሞት በምስጢር ይመረመራል፤ ዓላማው ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ቀጣዩን ሞት ማስቀረት ነው። የእናቶች ሞት ግምገማ የሚባለው አሠራር ዛሬ በብዙ አገር በወረቀት አለ። እኔ የምለው በወረቀት ያለው በሥራ ይታይ ነው። ለእኔ የተጻፈው ደብዳቤ ለማቀዝቀዣው ጥገና ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከእርሷ በኋላ የመጡት ይጠቀሙ ነበር።

ከማዋለጃው በር በፊትና በኋላ ያለውንም ባጭሩ ልበል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ሌላዋ የምትቋቋመውን ትንሽ ደም መቋቋም አትችልም። በዓለም ላይ ካሉት ነፍሰ ጡሮች ከሦስቱ አንዷ ደም ማነስ አለባት። ስለዚህ በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን እንደ ቀላል ነገር አይታይ፤ ሲያልቅ "በሚቀጥለው ወር ነይ" አይባል። ከወለደች በኋላ ደግሞ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ብታቆየው ለሰውነቷም ለልጁም ይበጃል። የምትፈልገውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርጣ፣ ከፈቀደች፣ ከተቋሙ ሳትወጣ ልታገኝ ትችላለች። በክንድ የሚቀበረውም በማህፀን የሚገባውም አለ። አራስ ሕፃን አዝላ ለዚያ ብቻ ሌላ ቀን ተመለሽ ማለት አትምጪ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋዜጣችሁ ልምጣ። ጋዜጠኞቻችሁ ወደ ምርቃት ሲሄዱ ሕንፃው ስንት እንደፈጀ፣ ስንት አልጋ እንዳለው ይጠይቃሉ። ይጠይቁ። ግን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ይቆዩልኝ። አዋላጇን ይፈልጓት። "ማቀዝቀዣውን ክፈችልኝ" ይበሏት፤ ውስጡ ያለው ቴርሞሜትር ስንት እንደሚል ያንብቡ። ከሌለ የለም ብለው ይጻፉ። ከወላዷ ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ያሳዩን ይበሉ፤ መስመር ያለው ነው ወይስ ማንኛውም ላስቲክ? ትራኔግዛሚክ አሲዱ ያለው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ስቶር? የስቶሩ ቁልፍ ሌሊት ማን ጋ ነው? ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሰዓት? ሌሊት ስንት አዋላጅ ለስንት ወላድ ትቆማለች? ቤተሰብ ይገባል?

አዋላጇ መጀመሪያ ትፈራ ይሆናል። ስሟን አትጻፉ። ቢቻላችሁ ደግሞ ቀን ሳይሆን ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሂዱ። በዚያ ሰዓት አንዷ ወልዳ አንሶላ ተደርቦላት ትተኛለች፣ አዋላጇም ወደ ሌላዋ ወላድ ልትሮጥ ትነሣለች። በዚያች ደቂቃ ካጠገቧ ማን እንደሚቀር እዩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ ላይ ያለች አዋላጅ ነርስ